መዥገር የከብት ጠላት ብቻ አይደለም

በቦሌ ሚካኤልና በአካባቢው በግቢያቸው አንድ ሁለት ላም አስረው ወተት የሚሸጡ ቤተሰቦች መዥገርን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ነው። አላቢዋ የላሟን ጡት ስታጥብ ጣቷ አንድ የተነፋ ነገር ይነካል። ነቅላ ትጥለዋለች፣ በድንጋይ ትጨፈልቀዋለች፣ ከዚያም ማለቧን ትቀጥላለች። ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና ራስ ምታት ቢይዛት ያን መዥገር የሚያስታውሰው የለም። ላሟ ወተት ስትቀንስም ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው መኖው ነው።

ይህ መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ ላም ወተት ለሚተዳደር ቤተሰብ የላሟ መታመም የልጆች የትምህርት ወጪና የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። አላቢዋ ስትታመም ደግሞ ላሟን የሚንከባከብ ሰው ይታጣል።

መዥገር እንዴት ከተማ ይገባል?

መዥገር መብረርም መዝለልም አይችልም። ሩቅ አገር የሚደርሰው በእንስሳ ላይ ተጣብቆ ነው። ወደ አዲስ አበባ በየበዓሉ በጭነት መኪና የሚገቡ ሰንጋዎች፣ በጎችና ፍየሎች ከደጋም ከቆላም የሚመጡ ናቸው። እያንዳንዱ እንስሳ የመጣበትን አካባቢ መዥገር ይዞ ይመጣል። በምዕራቡ የአገራችን እርጥበታማ ክፍል በብዛት የሚገኘው አምብሊዮማ ኮሄረንስ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ በምሥራቅና በደቡብ ቆላ ደግሞ አምብሊዮማ ጌማና ሪፒሴፋለስ ፑልቸለስ ይታያሉ። በግመል ላይ በብዛት የሚገኘው ሂያሎማ ነው። ለእርድ የተገዛው ፍየል ከወተት ላሟ ጎን ለሁለት ቀን ሲታሰር መዥገሩ አዲስ ቤት ያገኛል።

የግቢ ጠባቂ ውሻም የራሱ መዥገር አለው። ይህ ቡናማ መዥገር በግድግዳ ስንጥቅና በውሻ ቤት ወለል ውስጥ ተደብቆ ስለሚራባ ለመኖር የግጦሽ መሬት አያስፈልገውም። ስለዚህ ከብት የሌለው ቤት ከመዥገር ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

አንዲት እናት፣ እልፍ ልጆች

ደም የጠገበች ሴት መዥገር የጉሎ ፍሬ ታክላለች። የመልካቸው መመሳሰል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የጉሎ ተክል በሳይንስ የሚጠራበት የላቲን ስም ትርጉሙ መዥገር ማለት ነው። መዥገሯ ከጠገበች በኋላ ከእንስሳው ወርዳ በሣር ሥር፣ በድንጋይ መካከል ወይም በበረት ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። በጀርባው ብርቱካንማ ቀለምና በቀለበታማ እግሮቹ የሚታወቀው የአምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ሴት እስከ 20 ሺህ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ጫጩት ስድስት እግር ብቻ ያለውና በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነው። ካደገ በኋላ እግሮቹ ስምንት ይሆናሉ።

አርሶ አደሩ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ልዩነት የአኗኗራቸው ነው። አምብሊዮማ በየዕድገት ደረጃው እየወረደ ሦስት ጊዜ እንስሳ ይቀያይራል። በሌላ በኩል በአገራችን በብዛት የሚገኘው ትንሹ ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ከጫጩትነት እስከ ሙሉ ዕድገቱ ሦስት ሳምንት ያህል ከአንድ ከብት ላይ ሳይወርድ ይቆያል። አንድ ጊዜ ተረጭቶ የሚተወው ግቢ መዥገር የማይጠፋለት በዚህ ምክንያት ነው። በከብቱ ላይ ያሉት ቢሞቱም በሣሩና በበረቱ ያሉት ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በእንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

መዥገር ደም ከመምጠጡ በላይ በሽታ ያስተላልፋል። ቤቢዚዮሲስ የያዘው ከብት ትኩሳት ይኖረዋል፣ ሽንቱም ይቀላል። አናፕላዝሞሲስ የያዘው ደግሞ ይከሳል፣ ድዱና የዓይኑ ሽፋን ይገረጣል ወይም ቢጫ ይሆናል። አምብሊዮማ የሚያስተላልፈው ካውድሪዮሲስ በልብ ዙሪያ ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋል። በጉ፣ ፍየሉ ወይም ከብቱ እግሩን ከፍ እያደረገ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሕክምና ካላገኘም ፈጥኖ ይሞታል። ረዥም አፍ ያለው መዥገር በጡት ላይ የሚተወው ቁስል ሲያመረቅዝም አንዱ የጡት ክፍል ወተት መስጠት ሊያቆም ይችላል። ቆዳውም ስለሚበሳሳ በገበያ ዋጋ ያጣል።

የአገራችን ዝርያ ከብቶች መዥገርንና በሽታውን ከዲቃላዎቹ በተሻለ ይቋቋማሉ። ለብዙ ወተት ተብሎ በውድ ዋጋ የተገዛችው የሆልስታይን ዲቃላ ግን ለጉዳቱ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ዲቃላ ላም የሚገዛ ሰው ለመኖ እንደሚያስበው ሁሉ ለመዥገር መከላከያም በጀት ሊይዝ ይገባል።

ከኢትዮጵያ መዥገር የተገኘው ተሕዋስ

የመዥገርና የሰው በሽታ ግንኙነት በአገራችን ረዥም የምርምር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ በነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዋ ራይስ ጉትፍሮይንድ በኢትዮጵያ የቤት እንስሳትና በመዥገሮቻቸው ውስጥ የወረርሽኝ ተስቦን ተሕዋስ እንዳገኙ ጻፉ። ይህ ተስቦ በቅማል የሚተላለፍ መሆኑ የታወቀ ስለነበር ጉዳዩ የብዙዎችን ትኩረት ሳበ። ለማጣራት የተነሱ ሌሎች ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ መዥገሮችን መርምረው፣ የተባለውን የተስቦ ተሕዋስ እንዳላገኙ እ.ኤ.አ. በ1973 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አስታወቁ። ከእነዚህ ተመራማሪዎች አንዱ ዊሊ በርግዶርፈር ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ የላይም በሽታን መነሻ በማግኘት ስማቸው የታወቀው ሳይንቲስት ናቸው።

ተስቦው ባይገኝም መዥገሮቹ ባዶ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1966 በኢትዮጵያ ከከብት ላይ ከተሰበሰበ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ሌላ ተሕዋስ ተለይቷል። ይኸው ዓይነት ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1992 በዚምባብዌ ሰውን እንደሚያሳምም ተረጋገጠ፣ በ1996 ደግሞ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ተሰጠው። የሚያመጣው በሽታ የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል።

ትኩሳቱ ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ራስ ምታት፣ የጡንቻ በተለይም የማጅራት ሕመም አለው። በተነከሰው ቦታ መሐሉ የጠቆረ ቅርፊት ያለው ቁስል ይወጣል፤ ከአንድ በላይም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያው ያለ ንፍፊትም ያብጣል። በሽታው በብዛት የተመዘገበው ደቡባዊ አፍሪካን ጎብኝተው በተመለሱ የውጭ ሰዎች ላይ ነው። ይህም አርሶ አደሩ አይያዝም ማለት ሳይሆን፣ ጎብኚው ምርመራ ሲያገኝ የእረኛው ትኩሳት ግን ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ሊታለፍ ስለሚችል ነው። በሽታው በጊዜ ከታወቀ ሐኪም በሚያዘው ዶክሲሳይክሊን ይድናል። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚሄድ ከብት አርቢ መዥገር ነክሶት እንደነበር ለጤና ባለሙያው ሊናገርና ቁስሉን ሊያሳይ ይገባል። ለከብት የተገዛ መድኃኒት ለራስ መውሰድ ግን አደገኛ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ሂያሎማ የተባለው መዥገር የሚያስተላልፈው የክራይሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት በጎረቤት ሱዳንና በዩጋንዳ ሰዎችን ገድሏል። በሽታው በንክሻ ብቻ ሳይሆን በእርድ ወቅት የተያዘን እንስሳ ደም በመንካትም ይተላለፋል። መዥገርን በጣት መጨፍለቅና ያለ ጓንት ማረድ የማይመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

ምን ይደረግ?

በሰው ላይ የተጣበቀ መዥገር በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ፣ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ተደርጎ ቀስ በቀስ ይሳባል። ላምባ፣ ቅቤ ወይም የክብሪት እሳት አያስፈልግም፤ እነዚህ መዥገሩ በሽታ ያዘለ ምራቁን ወደ ሰውነት እንዲተፋ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከዚያም ቁስሉና እጅ በሳሙና ይታጠባሉ።

አዲስ የተገዛ እንስሳ ከነባሮቹ ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ታስሮ ጆሮው፣ ብሽሽቱ፣ የጅራቱ ሥርና የሰኮናው መካከል ይፈተሻል። የሣር አጨዳ፣ የበረት ስንጥቅ መድፈንና ፍግን በየጊዜው ማንሳት የመዥገርን መደበቂያ ይቀንሳሉ። ዶሮም መዥገር ትለቅማለች፤ ነገር ግን ከብቶቹ ኬሚካል በተረጩበት ሰሞን ከበረት መራቅ አለባት።

ኬሚካልን በተመለከተ ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ዲያዚኖንም ሆነ አሚትራዝ በመለያ ጽሑፉ ላይ በተጻፈው ልክ ካልተበጠበጠ መዥገሩን ከመግደል ይልቅ ያለማምደዋል። መዥገር መድኃኒትን መላመዱ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። ዲያዚኖን ለሰውም መርዝ ስለሆነ የሚረጨው ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ነፋሱን በጀርባው ይሰጣል። አሚትራዝ ለፈረስ አይሆንም። አይቨርሜክቲን የተወጋች ላም ወተት ለሰው እንዳይቀርብ ከመወጋቷ በፊት የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ግድ ነው። ባዶ ዕቃውንም ለወተት ወይም ለውሃ መያዣ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ከወረዳ አመራሩ የሚጠበቀውም ቀላል አይደለም። አንዱ ጎረቤት ረጭቶ ሌላው ቢተው ድካሙ ከንቱ ስለሚሆን የርጭት ቀን በቀጠና አንድ ላይ ሊወሰን ይገባል። የዝናብ ወቅት ሲጀምር መዥገር ስለሚበዛ መድኃኒቱና ባለሙያው ከዚያ በፊት መዘጋጀት አለባቸው። ለበዓል በሚቋቋሙ የእንስሳት ገበያዎች የመዥገር ፍተሻ ቢኖር ብዙ ጉዳት ከበሩ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያውና የጤና ጣቢያው መረጃ ሊለዋወጡ ይገባል። በአንድ ቀጠና ላሞች ሽንታቸው ቀልቶ ሲታመሙ የዚያ ቀጠና አላቢዎች ትኩሳትም አብሮ ሊጠየቅ፣ የላሞቹ የደም ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ሊላክ ይገባል። ላሟና አላቢዋ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው፤ ጤናቸውን የሚጠብቁት ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶችም ተለያይተው መሥራት የለባቸውም።