ብርድ ያበረታው ብረት ለምን ይሰበራል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 በአሜሪካ ኦሬገን፣ ፖርትላንድ ላይ ጸጥ ባለ ውሃ የቆመው «ስከነክተዲ» የተባለ አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ድንገት ከመሃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ማዕበልም ጥይትም አልነካውም። ጥፋቱ መጀመሪያ የተለጠፈው በብየዳው ላይ ነበር፤ በከፊል እውነት ነው፤ ብየዳ አንዱን ሉህ ከሌላው አዋህዶ ለስንጥቁ ያልተቋረጠ መንገድ ይከፍትለታል። የካምብሪጇ ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር ግን በጦርነቱ ዘመን የተሠሩት መርከቦች ብረት ራሱ ከተወሰነ ሙቀት በታች ሳይለጠጥ እንደሚሰበር አሳዩ። አሳሳቹ ነገር፣ ብረት ተስቦ ሲለካ በብርድ ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሚለጠጠው አቶሞቹ በረድፍ ሲንሸራተቱ ነው፤ ቅዝቃዜ ይህን ያከብደዋል፤ በስንጥቅ ጫፍ የተከማቸው ኃይልም ማርገቢያ ያጣል። ስለዚህ ጉልበቱን ብቻ የሚነግረን ምስክር ወረቀት ስለ ስንጥቅ ምንም አልነገረንም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ፋብሪካዎች ዛሬም የሚጠቀሙት ፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፒ በ1901 ያስተዋወቀውን ፔንዱለም ነው። 55 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ናሙና መሃሏ ላይ ትንሽ ቁርጥ ይወጣላታል፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ትቆይና ከወጣች በ5 ሰከንድ ውስጥ ትመታለች። ፔንዱለሙ ሰብሯት ካለፈ በኋላ የሚወጣው ከፍታ ስንት ጁል እንደበላች ይናገራል። ኤስ355ጄ2 የተባለው የግንባታ ብረት ከዜሮ በታች በ20 ድግሪ ቢያንስ 27 ጁል መብላት አለበት።

ይህ ልኬት ግን እውነተኛ ስንጥቅን አይወክልም የሚል ተቃውሞ አለ፤ ተገቢ ነው። ቁርጡ ድንዝ ነው፤ ምቱ ፈጣን ነው፤ ናሙናዋም ከወፍራም ሉህ ጋር አትመጣጠንም። የሻርፒ ልኬት ብረትን ከብረት ለማበላለጥ እንጂ የድልድይን ስንጥቅ ለማስላት አይበቃም። ለስሌቱ ናሙናው አስቀድሞ በተደጋጋሚ ጭነት ስል ስንጥቅ እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ከዚያ በተለያየ ሙቀት ቀስ ተብሎ ይሳባል። ብረቱ ከመለጠጥ ወደ ድንገተኛ ስብራት በሚሻገርበት ሙቀት፣ ማለትም በመሸጋገሪያው ሙቀት አካባቢ፣ ከአንድ ሉህ የተቆረጡ ናሙናዎች እንኳ እጅግ የተራራቀ ውጤት ይሰጣሉ። ታዲያ ምን እምነት ይጣልበታል? መበታተኑ ራሱ ሥርዓት አለው፤ ስብራቱን የሚጀምረው ደካማው ነጥብ ነውና፣ ሉሁ በወፈረ ቁጥር ደካማ ነጥብ የመገኘቱ ዕድል ይሰፋል። የፊንላንዱ ኪም ዋሊን ይህን ቀመር ስላደረገው ስንጥቅን የመቋቋም አቅም ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥበትን ሙሉ መስመር ለመሳል ጥቂት ናሙናዎች ይበቃሉ።

ሞቃት አገር ይህ አያሰጋውም ማለትም አያዋጣም፤ መሸጋገሪያው ሙቀት ቋሚ አይደለም። በኑክሌር ማብላያ የኒውትሮን ጨረር የጋኑን ብረት መሸጋገሪያ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በዚህም ምክንያት የዚያው ብረት ናሙናዎች ከጋኑ ውስጥ ተቀምጠው በየጊዜው እየወጡ ይሰበራሉ።