ለአደን የሚሆነውን ጥይት ስለ መምረጥ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ፍሬ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋራ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ ጥይት ቀለሁ ተጎድቶ፥ ዓረሩ ላልቶ፥ ባሩዱም እርጥበት ገብቶት እንደ ሆነ ገበያተኛው አይመረምርም፤ የሚፈልገው ቍጥሩን ነበርና። ከዚህ ልማድ ጥቂት ቅሬታ ዛሬም ሳይቀር አልቀረም። ጠመንጃውን በብዙ ገንዘብ ገዝቶ፥ መነጽሩን አስተካክሎ፥ ጥይቱን ግን እንደ ተገኘ የሚያነሣ አዳኝ አይታጣም። ሆኖም አውሬውን የሚያገኘው ጥይቱ ነው እንጂ ጠመንጃው አይደለም።

ስሕተቱ በዒላማ ሰሌዳ ላይ ሲሆን ጕዳቱ ከአንድ ቀዳዳ አያልፍም። ሆዱን የተመታ አጋዘን ግን ወደ ጫካ ገብቶ በጭንቅ ያድራል፤ ሥጋውም ቆዳውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። አውሬው ጎሽ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ቆስሎ በጥሻ ውስጥ ያደፍጣል፤ በዚያን ጊዜ ከሁሉ ፊት የሚሄደው ዱካ መሪው ነው።

ብዙ ሰዎች ጥይትን የሚመርጡት በውፍረቱ ነው። ይህ አሳብ ከጥንቱ ባሩድ ዘመን የቀረ ነው (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በ1874 የወጣው፥ በአገራችን ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፥ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱም 25 ግራም የሆነ ዓረር በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ያስኬድ ነበር። በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ጢስ የሌለውን ባሩድ ካገኘ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዐሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የወጣው የማውዘር ባለ 7 ሚሊ ሜትር ጥይት 11 ግራም የሚመዝን ዓረር በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ወረወረ። የዓረር ጕልበት በክብደቱ ልክ ሲያድግ፥ በፍጥነቱ ግን በእጥፉ እጥፍ ያድጋልና፥ ቀጭኑ ከወፍራሙ ሳያንስ በአካሄዱ ቀጥ ያለ ሆነ።

ዎልተር ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ የዝሆን አዳኝ፥ ከካራሞጃ ተነሥቶ እስከ ማጂ ድረስ የዘለቀው፥ ከገደላቸው ከሺህ የሚበልጡ ዝሆኖች አብዛኛውን የጣለው በዚሁ በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት ነበር። የዝሆንን ራስ በመጋዝ አሰንጥቆ አንጎሉ በየት በኩል እንዳለ አጥንቷል፤ ጥይቱንም የወደደው ሳይዘገይና ሳይከሽፍ ስለ ነደደለት ነው። ነገር ግን የቤልን ጥይት መያዝ የቤልን ዐይን መያዝ አይደለም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕግ ለዝሆንና ለጎሽ በ1912 የወጣው፥ ስፋቱ 375 ሺኛ ኢንች የሆነው ጥይት፥ ከዚያ በታች የማይፈቀድ ሆኖ መወሰኑ ስለዚህ ነው። ለአጋዘን ግን ይህን ያህል ኀይል አያሻም፤ ሰደፉ ትከሻውን እንደሚመታው የሚፈራ ሰው ምላጩን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናልና።

ጠመንጃም እንደ በቅሎ የራሱ ጠባይ አለው። በአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች አንዱን ዓይነት ጥይት እኩል አይወዱትም። በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ለአንድ ዓረር ርዝመት ይስማማል፥ ለሌላው አይስማማም፤ የማውዘሩ 7 ሚሊ ሜትር ቦይ በየ220 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጊዜ የሚዞር ሆኖ የተቀረጸው ለረዥሙ ዓረር ተብሎ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ሦስት አራት ዓይነት ጥይት ገዝቶ፥ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፥ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ጊዜ በ100 ሜትር ላይ መተኰስ ነው። አምስቱ ጥይቶች በ10 ሳንቲ ሜትር ክብ ውስጥ ቢያርፉ፥ ያው መበታተን በ300 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህም ላይ የነፋሱ ግፊትና የሰውዬው መታከት ይጨመርበታል። የተሻለው ሲታወቅ ከዚያው ዓይነት፥ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሥራ ቍጥር አመሳስሎ፥ ለዘመቻው የሚበቃውን መግዛት ነው።

ትክክል መሄዱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ዓረሩ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነውም መታወቅ አለበት። ሁለንተናው በመዳብ የተለበሰው የወታደር ዓረር ጠባብ ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል፤ ጫፉ ለስላሳ የሆነው ደግሞ እንደ እንጕዳይ ይከፈታል፥ ነገር ግን ከአጥንት ጋራ ሲጋጭ አንዳንድ ጊዜ ይበታተናል። ጆን ኖስለር የተባለው አሜሪካዊ በ1946 በካናዳ አገር ሙስ የተባለውን ታላቅ አጋዘን ሲያድን ዓረሩ በቆዳው ላይ ተበታትኖ ቢያሳፍረው፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለበትን ዓረር ሠራ፤ የፊቱ ክፍል ቢከፈት የኋላው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ ወዲህ ሁለንተናው መዳብ የሆነም ወጥቷል። እርሳስ በሥጋና በሆድ ዕቃ ውስጥ ደቅቆ ስለሚቀር፥ ያንን የሚበላው አሞራ ይመረዛል፤ ካሊፎርኒያ ስለዚህ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ዓረር ማደንን ፈጽማ ከልክላለች።

ለኢትዮጵያ አዳኝ ከሁሉ የሚከብደው የባሌና የአርሲ ተራራ ነው። በዚያ የሚኖረው የደጋ አጋዘን በ1910 በሊቃውንት ዘንድ ስም የወጣለት፥ በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው፤ በፓርኩ ክልል ፈጽሞ፥ ከክልሉም ውጭ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነካም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነውና፥ በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃ በሩቅ ሲተኰስ ወደ ላይ ይመታል። ቍልቍለቱም 30 ዲግሪ የሆነ እንደ ሆነ፥ 300 ሜትር ሆኖ የሚለካው ርቀት ለዓረሩ አወራረድ እንደ 260 ሜትር ይቈጠራል። ሙቀትም ባሩዱን ያፈጥነዋል። ስለዚህ አዳኙ ሰፈሩ በደረሰ ቀን፥ አውሬ ፍለጋ ከመውጣቱ አስቀድሞ፥ በቀዘቀዘ አፈሙዝ ሦስት ጥይት ተኵሶ መነጽሩን እንደገና ያስተካክላል፤ የቀረውንም ከፀሓይ ከልሎ ያኖራል።