ደንገሏ፣ ጀሪካኑና የባልና ሚስቱ ጠብ

«ቤታችን ሁለተኛ ሚስት ገብታለች!» አለችኝ። ደነገጥኩ። ልጅቷን በደንብ አውቃታለሁ፤ ካገባች ገና ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ባሏም ቢሆን ዓይኑ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው አይመስለኝም። «ማን ናት ደግሞ?» ብዬ ብጠይቃት «ደንገል!» ብላኝ ቁጭ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የሚኖሩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዷን ተከራይተው ነው። ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት። ባል የጣና ዳር ልጅ ነው። አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች አንዲት ለምለም ነገር ገዝቶ መጣና ባልዲ ውስጥ ተከላት። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ባልዲዎቹ ሦስት ሆኑ። ሦስተኛው ደግሞ የሚስት የልብስ ማጠቢያ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።

«ሌሊት ተነስቼ ጀሪካን የምሞላው እኔ፣ ውሃውን የምትጠጣው እሷ!» ትላለች ሚስት። ባል በበኩሉ «እሷን ካወጣሽ እኔንም አብረሽ አውጪኝ» ብሎ እርፍ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ፍረዱ። እኔ ግን የፈረድኩት ወዲያው ነው። ሚስት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ሃያ ኪሎ ማለት ነው። ሃያ ኪሎ አሸክሞ ስለ አትክልት ማውራት ምን ይሉታል? «ተክሉን የተከለ ሰው ውሃውን ይሸከም» አልኩት ፊት ለፊት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ያወራኝን ሚስቱም የሰማችው ያን ቀን ገና ነው። አባቱ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። እሱ ልጅ ሆኖ ደንገል እያጨደ ያቀብላቸው የነበረበት የሐይቁ ዳርቻ ዛሬ ታርሶ እርሻ ሆኗል። «ጠዋት በሬን ስከፍት እሷን ካየሁ የአባቴን ደጅ ያየሁ ይመስለኛል» አለ። ሚስት ምንም አላለችም። ቡናውን ደገመችልን።

ይኸው ነው ታሪኩ። አሁን ወደ ተክሏ እንሂድ፤ ምክንያቱም ይህን ጉዳይ ለጓደኞቼ ባወራሁ ቁጥር «ቆይ ግን፣ እንዴት ነው የምትራባው?» ብሎ የማይጠይቀኝ የለም።

በመጀመሪያ ዘሯን እንለይ። የጣናው ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበትና የጥንት ግብፆች ወረቀት ይሠሩበት የነበረው፣ ቁመቱ አራትና አምስት ሜትር ይደርሳል። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ተበተነ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች አሉት። ሰርቪስ ቤት በር ላይ ይቆም ቢባል ቆርቆሮውን በስቶ ይወጣል! የልጁ ባልዲ ውስጥ ያለችው ታናሽ ዘመዱ ናት። ከሰው ቁመት ብዙም አትበልጥም፣ አናቷ ላይ ያሉት ቅጠሎች ጠፍጣፋና ረዘም ያሉ ሆነው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ፈረንጆቹም ስሟን ከጃንጥላ ነው ያወጡላት። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማም ከእነዚሁ ቤተሰብ ነው። እግራቸው ውሃ ውስጥ፣ አናታቸው ፀሐይ ላይ ሲሆን ደስ ይላቸዋል።

ታዲያ የጃንጥላዋ ጉድ ያለው አናቷ ላይ ነው። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት እምብርት ላይ የተኙ እምቡጦች አሉ። በተፈጥሮ አገሯ ግንዱ አርጅቶ ሲጎነበስና አናቱ ውሃ ሲነካ እነዚያ እምቡጦች ይነቁና ሥር ይሰዳሉ። እኛ ቤት ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ እሷን ዘቅዝቆ ማታለል!

ጤናማና አረንጓዴ የሆነ አንድ ዘንግ ምረጡ። ገና ያልተከፈተ ለጋም፣ ቢጫ የሆነ አሮጌም አይሁን። ከአናቱ በታች አንድ ጣት ያህል ግንድ ትታችሁ በስለታም መቀስ ቁረጡት። ቅጠሎቹን ዙሪያቸውን ከግማሽ በላይ ከርክሟቸው፤ እንደ ሕፃን ጠጉር ቁርጥ! ረጅም ቅጠል ከተተወ ሥር ሳይሰድ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ውሃውንም ያበሰብሰዋል። ከዚያ ከወገቡ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አድርጉና ገልብጣችሁ ክተቱት። አናቱ ወደ ታች፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ። «ተሳሳትክ፣ ገለበጥከው» የሚላችሁ ጎረቤት አይጠፋም፤ አትስሙት። ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ አስቀምጡትና ውሃውን በሦስት በሦስት ቀን ለውጡ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከእምብርቱ ነጫጭ ሥሮች፣ ከዚያም ወደ ሰማይ የሚያድጉ ቀጫጭን ዘንጎች ብቅ ይላሉ። ብርድ ላይ ይዘገያል፤ በሐምሌና በኅዳር ብትጀምሩ ታግሳችሁ ጠብቁ።

ዘንጎቹ ጣት ካከሉ በኋላ ወደ አፈር ነው። ባልዲው አይበሳም፣ ይህን አስምሩበት። ሌሎች አበቦች ውሃ ቋጥሮ ሥራቸውን እንዳያበሰብሰው ተብሎ ነው ሳጥናቸው የሚበሳው፤ ለእሷ ግን ጭቃው ነው ቤቷ። አፈር ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቁ። ትኩስ እበት እንዳታስገቡ፤ ባልዲው ይገማና አከራያችሁ ግቢውን ያስለቅቋችኋል። ትልቁን ደንገል የፈለገ ሰው ግን በአናቱ ብዙ ተስፋ አያድርግ፤ ከሥሩ እምቡጥ ያለበትን ጉንጉን በቢላ ከፍሎ መትከል ይሻላል።

ወደ ውሃው ጠብ ልመለስ። ሚስትየውን ያስገረማት ተክሏ ንጹህ ውሃ እንደማትመርጥ ስነግራት ነው። ሩዝና ምስር የታጠበበት፣ ጎመን የተዘፈዘፈበት ውሃ ለእሷ ግብዣ ነው። በረኪና፣ ብዙ ሳሙናና ጨው ያለበት ግን አይሆንም፤ የቅጠሏ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ባልዲው ስለማይፈስ የተጨመረው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጀሪካን መንካት ሳያስፈልግ የወጥ ቤቱ እጣቢ ሁለት ባልዲ ያኖራል፤ እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ። ለሦስተኛው ባልዲ አልተሟገትኩም። የልብስ ማጠቢያው ለባለቤቱ ተመልሷል።

አሁን ቀልድ ይቅርና፣ ስለ ትንኝ። የቆመ ውሃ ካለ ትንኝ አለ። የትንኝ እንቁላል ክንፍ አውጥቶ እስኪበር አንድ ሳምንት ገደማ በቂው ነው፤ የሃይላንዱን ውሃ በሦስት ቀን ለውጡ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው። የባልዲዋን ደግሞ አፈሩን በጠጠር ሸፍናችሁ ውሃው ከጠጠሩ በታች እንዲሆን አድርጉ፤ እርጥበቱ አለ፣ ትንኝ የሚጥልበት የተገለጠ ውሃ ግን የለም። በተለይ ድሬዳዋና ሌሎች ሞቃት ከተሞች ያላችሁ ይህን እንደ ዋዛ አትዩት። ስቴፈንሳይ የሚባለው የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሀር ላይ ነው፤ የሚወደውም ረግረግ ሳይሆን የከተማ በርሜልና ባልዲ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ውስጥ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆኖ የተገኘውም እሱ ነው።

ሌላም አለ። ውሃ ትወዳለች፣ አበባዋም ያምራል እየተባለ የሚሰጣችሁን ሁሉ አትቀበሉ። ሐምራዊ አበባ ያለው፣ የቅጠሉ እግር እንደ ፊኛ ያበጠ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ካያችሁ እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው እንዲሁ «ያምራል» እየተባለ በሰው እጅ ነው። ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓሣ አጥማጁን ስንት እንዳስለቀሰ የሰማ ሰው በባልዲም ቢሆን አያሳድገውም። የጃንጥላዋን ትርፍራፊም ቢሆን ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፤ አድርቃችሁ አቃጥሉት።

ባልና ሚስቱ ልጁ ከመወለዱ በፊት ሰፋ ያለ ቤት ሊከራዩ እያፈላለጉ ነው። «ባልዲውን በላዳ እንዴት እንወስደዋለን?» ብላ የጠየቀችኝ ሚስት መሆኗን ልብ በሉልኝ። ባልዲው ለአከራያቸው ለእትዬ ይቅር፤ ከወዲሁ ዓይናቸውን ጥለውበታል። እናንተ ሦስት አራት አናት ቁረጡና ቅጠሉን ከርክማችሁ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልሉት። በፌስታል ከተቋጠረ አንድ ሁለት ቀን ምንም አይሆንም። ይህንኑ ጋዜጣ መጠቀም ይቻላል፤ ካነበባችሁት በኋላ ነው ታዲያ!