ግልባጭ ለማን?

ከሪያድ ምዕራባዊ ሰፈሮች አንዱ ከሆነው ከባዲዓ የመጣው የኢሞ ድምፅ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የላከችው በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። በስለት ሊገድላት የሞከረው ሰው በ2007 ዓ.ም. 12 ዓመት ተፈርዶበታል፤ እሷም ቁስሏ ከሻረ በኋላ ሳዑዲ ገባች። ሰሞኑን እናቷ ደውለው "ሰውየው ገበያ ታየ አሉ" አሏት። ጠበቃዋን ስለ ካሣም ሆነ ስለ ይግባኝ አልጠየቀችም። "ጋሼ፣ ወጥቷል ወይስ እዚያው ነው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።"

ይህን ማወቅ ለእሷ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ሊያበቃ ተቃርቧል። ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ተስማምታ በ2014 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 70,000 ዜጎቿን ለመመለስ መነሳቷን የባዲዓና የሌላው የሪያድ ሰፈር የመንፉሃ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። በዚህ መንገድ የሚመለስ ሰው የሚገባበትን ቀን አይመርጥም። የሚመርጠው ነገር ቢኖር ከአውሮፕላን ወርዶ የሚሄድበትን ቤት ነው፤ ለዚያም የወሎዋ ልጅ ሰውየው የት እንዳለ ማወቅ አለባት።

ጠበቃዋ፣ የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ፣ መልሱን ያገኘው ውክልናው በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ ከደረሰው በኋላ ብዙ ተመላልሶ ነው። ሰውየው በአመክሮ ተፈቷል። ለምን እንዳልተነገራት ሲጠይቅ ያገኘው መልስም ለዓመታት ሲሰማው የኖረው ነው፦ "ችሎቱ እኮ ግልጽ ነው፤ መጥታ መስማት ትችል ነበር።"

ይህን መልስ ዳኛም ይሰጠዋል፣ ዐቃቤ ሕግም ይሰጠዋል፣ የፖሊስ መርማሪም ይሰጠዋል። ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩትንም ያምኑበታል። ጸሐፊው ግን ይህን መልስ መስማት ታክቶታል። ግልጽ ችሎት የተከሳሽ መብት ነው፤ ፍርድ በስውር እንዳይሰጥ ሕዝብ እንዲያየው የተደረገ ጥበቃ ነው። በግልጽ ችሎት የተነገረ ነገር ሁሉ ለተጎጂው እንደተነገረ ይቆጠራል የሚል ሕግ ግን የለም። ለተከሳሽ መጥሪያ ሳይደርሰው "ችሎቱ ግልጽ ነበር" ብሎ በሌለበት ለመፍረድ የሚደፍር ዳኛ ይኖር ይሆን? በአንዱ ወገን ላይ የማይሠራው ምክንያት በሌላው ላይ የሚሠራው ተጎጂው በመዝገቡ ውስጥ ባለጉዳይ ሆኖ ስለማይታይ ነው። የምስክርነት ቃሉን እስኪሰጥ ይፈለጋል፤ ቃሉ ከተሰማ በኋላ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።

ደግሞስ የትኛው ችሎት? ሰው ከእስር የሚወጣባቸው መንገዶች አብዛኞቹ ተጎጂው ሊታደምበት ከሚችል ችሎት ውጭ ያልቃሉ። በምርመራ ጊዜ ፖሊስ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 መሠረት ራሱ በዋስ ይለቃል። ይቅርታ በቦርድ ታይቶ ይወሰናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በወቅቱ ፕሬዚዳንት ይቅርታ እንዲፈቱ መወሰኑ በዜና ተነገረ፤ የስም ዝርዝሩን ተጎጂዎች ከየት ያገኙታል? ክልሎችም በየራሳቸው ይቅርታ ያደርጋሉ። በጦርነቱ ዓመታት ደግሞ በአማራ ክልል ከተሞች እስር ቤቶች ተከፍተው ታራሚ ያለ ማንም ትእዛዝ ወጥቷል።

አመክሮ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ተጎጂ 12 ዓመት ሲባል 12 ዓመት ይቆጥራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ግን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ታራሚ በማረሚያ ቤቱ አሳሳቢነት ወይም በራሱ አቤቱታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊፈታ ይችላል፤ 12ቱ ዓመት በስምንት ያልቃል ማለት ነው። የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ሲሞላው በዚሁ አንቀጽ ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ መጥፎ አይደለም፤ ሰው ይለወጣል ብሎ የሚያምን ሕግ ነው፤ ጸሐፊውም ለደንበኞቹ ብዙ ጊዜ ተጠቅሞበታል። እንዲያውም ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ጥፋተኛው የሚቻለውን ያህል ጉዳቱን መካሱ ነው። መካስ አለመካሱን ከተጎጂዋ የተሻለ ማን ያውቃል? እሷን ግን የሚጠይቃት የለም። የወሎዋ ልጅ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም።

በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የመፍቻ ትእዛዝ ምን እንደሚመስል ያውቃል። "ታራሚው በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ እንዲፈታ" ይልና ከግርጌው "ግልባጭ" ይከተላል፦ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፖሊስ፣ አንዳንዴም ለታራሚው። በዚህ ዝርዝር ላይ የተጎጂ ስም ማየት እጅግ ብርቅ ነው። ሕጉ ስለከለከለ አይደለም፤ አንድ መስመር ለመጨመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። እንዲጨመር የሚያስገድድ ስለሌለና ቅጹን የሚሞላው ሰው ስላላሰበው ብቻ ነው።

የዚህ ዋጋ በባሕር ዳር ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች፤ ገዳዩ 25 ዓመት ተፈረደበት። አገሩ ጉዳዩን በሰፊው የሰማው ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ነው። ከ200,000 በላይ ሰው ፊርማውን ያኖረበት አቤቱታ በዋናነት የሚጮኸው ስለ ቅጣቱ ማነስ ነበር። እናቲቱ ለመገናኛ ብዙኃን ከተናገረችው ውስጥ ግን ብዙም ያልተነሳ ነገር አለ፦ ሰውየው በመሃል ከእስር አምልጦ እንደነበር፣ እስኪያዝም ድረስ እያሳደዳት ቤትና ሥራ ለመቀየር እንደተገደደች። ስለ ቅጣቱ ርዝመት የተከራከርነውን ያህል፣ ሲያመልጥ እናቲቱን ማን ሊያስጠነቅቃት ይገባ እንደነበር አልተከራከርንም።

አሜሪካኖች ይህን በደም ተምረውታል። በ1993 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ ግዛት ሜሪ ባይሮን የተባለች ወጣት በአስገድዶ መድፈር አሳስራው የነበረው የቀድሞ ጓደኛዋ በዋስ ተለቆ በ21ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ተኩሶ ገደላት። መለቀቁን ለእሷም ለቤተሰቧም የነገራቸው አልነበረም። በዓመቱ እዚያው አካባቢ እስረኛ ሲለቀቅ ለተጎጂው ራሱ የሚደውል የስልክ ሥርዓት ተዘረጋ፤ ኋላም ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ባዲዓ ያሉት ወገኖቻችን በሚኖሩበት አገር በቂሳስ (ነፍስ ባጠፋ ሰው ላይ በሚጠየቅ የአጸፋ ቅጣት) ጉዳይ የሟች ወራሾች ሳይጠየቁ ነገሩ አይቋጭም። የዚያ ሥርዓት ሌላው ነገር ለክርክር ክፍት ቢሆንም፣ ተጎጂን ሳያገኙ መዝገብ መዝጋት እንደማይቻል ግን ያሳያል።

ሊሰማ የሚገባው ተቃውሞ አንድ ነው፦ ደም መመለስ። የሚፈታበትን ቀን ለሟች ወንድሞች መንገር መንገድ ላይ እንዲጠብቁት ማድረግ አይሆንም ወይ? ይህ በአማራ ገጠር በእውን የሚያሰጋ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የተጎጂዎች መመሪያ ይህንኑ አስቦበታል፤ ተጎጂው መፈታትንም ማምለጥንም የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፣ ማሳወቁ በጥፋተኛው ላይ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ከታወቀ ግን እንዳይነገር ይፈቅዳል። ማለትም ጉዳዩ በየመዝገቡ ይመዘናል። የእኛ ልማድ ግን ሳይመዝን ሁሉንም ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ በቀልን ሲያስቀር አልታየም፤ ሰውየው መንደር በገባ በማግስቱ ወሬው ገበያ ይደርሳልና። ቀድሞ ቢታወቅ በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከመፈታቱ በፊት የሁለቱን ወገን ዘመድ ሰብስበው ካሣውንና እርቁን ይጨርሱ ነበር። አሁን ሽማግሌ የሚላከው ሰውየው ከታየ በኋላ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ወገን ተፈራርቷል።

"የንጹሕነት ግምትስ?" የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በዋስ የወጣን ሰው "ወጥቷል" ብሎ ለተጎጂው መንገር ግን ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ዋስትናውን የሚነካም የለም።

የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው። የተጎጂዋን ቃል ሲቀበል መርማሪው ሰውየው ቢፈታ፣ ቢዛወር ወይም ቢያመልጥ ማወቅ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃት፤ አንዳንዷ አልፈልግም ትል ይሆናል፣ መብቷ ነው። ከፈለገች ስልኳና የምታምነው ሰው ስልክ ለብቻው በታሸገ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ፤ ተከሳሹ በሚያየው ገጽ ላይ አይጻፍ። ማረሚያ ቤቱ በሩን ከመክፈቱ በፊት ይደውል፣ መደወሉንም በመዝገብ ይፈርም። ቅጹ ደግሞ ወረዳ፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ መጠየቁን ይተው፤ በ966፣ በሳዑዲ የስልክ መለያ፣ የሚጀምር ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው። ማረሚያ ቤቱ ወደ ውጭ የሚደውልበት ገንዘብ ከሌለው መልእክቱን በሪያድ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ቆንስላ በኩል ማድረስ ይችላል፤ ውክልና በዚያ በኩል ከመጣ ማስጠንቀቂያም በዚያው በኩል ይሄዳል።