የማይነበብ የአማርኛ ሰነድ በኮምፒዩተር

በኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ሲከፈት የማይነበብበት ምክንያት ኹለት ዓይነት ነው። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ቢታይ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጐደለው የግዕዝ ቅርጽ ያለው ፎንት ነውና እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ያለውን መጫን ይበቃል። የላቲን ፊደል ተደበላልቆ ቢታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ ዩኒኮድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ለግዕዝ የራሱን ቁጥሮች ከመስጠቱ በፊት ፎንት ሠሪዎች ፊደሉን በላቲን ቁጥሮች ላይ በየራሳቸው ሥርዓት ይደለድሉት ነበር። ይህን ሰነድ አዲስ ፎንት አያስነብበውም፤ የተጻፈበትን ፎንት ፈልጎ መጫን፥ ኋላም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ተበላሽቷል ብሎ የሚደመስሰው ሰነድ፥ ዛሬ በሕይወት ከሌሉ ሽማግሌዎች አፍ የተሰበሰበ ታሪክ ብቸኛ ቅጂ ሊኾን ይችላል።