የሚያሳድግ መድኃኒት

ሐኪም የካንሰርን ሕዋስ ሊገድል እንጂ ሊያሳድግ ይነሣል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪ ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው።

ነጭ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅኔ ተወልዶ፣ ጎልምሶ፣ ሥራውን ፈጽሞ ይሞታል። ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ግን 15ኛውና 17ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ይለዋወጡና፣ የቪታሚን ኤን መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን ከባዕድ ጋር ይጣበቃል፤ የዕድገቱ ጂኖችም ይዘጋሉ። ሕዋሱም ልጅ እንደ ሆነ ይባዛል።

በ1985 እ.ኤ.አ. ሞት አፋፍ ለደረሰች የ5 ዓመት ልጅ፣ ሐኪሙ ከቪታሚን ኤ ወገን የሆነውን ሬቲኖይክ አሲድ እንድትውጥ ሰጧት። መልእክቱ በርከት ብሎ ሲደርስ ጂኖቹ ተከፈቱ፤ ሕዋሶቹ ጎለመሱ፤ ልጅቱ ዳነች። በ1988 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከ24 ሕሙማን የ23ቱ በሽታ በዚሁ ብቻ ሸሸ።

ካሮት ሉኪሚያን ይፈውሳል ማለታችን አይደለም። የሸሸው በሽታ ይመለስ ነበርና፣ ዛሬ ብዙ ሕሙማን ከዚሁ መድኃኒት ጋር አርሰኒክ ይወስዳሉ፤ አዎን፣ ያንኑ መርዝ።