የሜስካል ሉሎች፦ በአንድ ጎምዛዛ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ፊዚክስ

ሳይንስ የተወለደው በቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። ቴርሞሜትርና ሚዛን ከመሠራታቸው ከረጅም ዘመን በፊት ሰዎች በማድቤት፣ በጠመቃ ቤትና በአንጥረኛ ወናፍ አጠገብ ቁስን ሲመረምሩ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ዓይነቱ ዕውቀት አንዱን ነው። መነሻችን በሜክሲኮ ሜስካል ከተባለው፣ የጭስ መዓዛ ካለው አልኮል፣ ከሎሚና ከአጋቬ ሽሮፕ በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ጎምዛዛ ኮክቴል ነው። ዓላማችን መጠጥ ማስተዋወቅ አይደለም። የሰው ዓይንና አፍንጫ ስለ አንድ ፈሳሽ ምን ያህል ሊነግሩን እንደሚችሉ፣ የት ላይስ እንደሚቆሙ መመርመር ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ እንደምናየው፣ የዓይን ብርሃንንና ሕይወትን የሚመለከት ነው።

ከመሬት በታች ያለው ምድጃ

አጋቬ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ለገመድና ለጆንያ የሚሆነውን ቃጫ የሚሰጠው ሲሳል የተባለው ተክል የአጋቬ ወገን ሲሆን፣ የመጣውም ከሜክሲኮ ነው። ሜስካል ግን የሚወጣው ከሌሎች የአጋቬ ዝርያዎች ነው። በደቡብ ሜክሲኮ በምትገኘው በዋሃካ ግዛት በብዛት የሚተከለው ኤስፓዲን የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ለመድረስ ከ6 እስከ 8 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቅጠሎቹ ሲመለመሉ የሚቀረው ወፍራም ልብ አናናስ ስለሚመስል፣ በስፓኝኛ አናናስ ማለት በሆነው ቃል «ፒኛ» ይሉታል።

በፒኛው ውስጥ የተከማቸው ምግብ ፍሩክታን ይባላል። ፍሩክታን የስኳር ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ስለሆነ እርሾ በቀላሉ አይመገበውም፤ ሰንሰለቱ አስቀድሞ መበጠስ አለበት። ለዚህም ጉድጓድ ተቆፍሮ በውስጡ በእንጨት እሳት ድንጋይ ይግላል። ፒኛዎቹ በጋለው ድንጋይ ላይ ተደርድረው በአፈር ይሸፈኑና ለጥቂት ቀናት ታፍነው ይበስላሉ። ሙቀቱና የተክሉ እርጥበት ተባብረው ሰንሰለቱን ወደ ፍሩክቶስ፣ ማለትም ወደ ጣፋጭ ስኳር፣ ይለውጡታል። ከዚያ በኋላ የበሰለው ልብ ይደቆሳል፣ ይብላላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ጊዜ ይነጠራል።

ጭሱ እንዴት ተሻገረ?

እንጨት ሲቃጠል ሊግኒን የተባለው ክፍሉ ተሰባብሮ፣ ጓያኮልን የመሳሰሉ የጭስ መዓዛ ያላቸው ውሁዶች ይፈጠራሉ። እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ኢታኖል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ጓያኮል ግን የሚፈላው በ205 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ በማንጠሪያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ ሳያልፍ ጭሱ እንዴት ወደ ጠርሙሱ ሊሻገር ቻለ?

መልሱ በጓሮአችን ይገኛል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ልብስ ውኃው ሳይፈላ ይደርቃል። ማንኛውም ፈሳሽ ከመፍያው ነጥብ በታች ቢሆንም በመጠኑ ይተናል፤ ማለትም የራሱ የሆነ የትነት ግፊት አለው። ስለዚህ ከአልኮሉና ከውኃው እንፋሎት ጋር ጥቂት የጓያኮል ሞለኪውሎች አብረው ይጓዛሉ። የሚሻገሩት ጥቂት ቢሆኑም የሰው አፍንጫ ለእነዚህ ውሁዶች እጅግ ንቁ ስለሆነ በቂ ናቸው። የጠላ ጋን ወይም የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥኑ እናቶቻችንም የሚጠቀሙት በዚሁ የአፍንጫ ንቃት ነው፤ በዕቃው ግድግዳ ላይ የቀረው ስስ የጭስ ንብርብር ለመጠጡ ሁሉ መዓዛ ይሆናል።

ሉሎቹ ምን ይናገራሉ?

የሜስካል ባለሙያ የአልኮሉን መጠን የሚለካበት ባህላዊ ዘዴ አለው። በመቃ ቱቦ ከፈሳሹ ጥቂት ይስብና ወደ ቅል ውስጥ በቀጭኑ ያንቆረቁረዋል። በፈሳሹ ገጽ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ «ፔርላስ»፣ ማለትም ሉሎች፣ ይሏቸዋል። ሉሎቹ ሳይፈነዱ ቆይተው ከታዩ የአልኮሉ መጠን ትክክል ነው ይላል፤ ቶሎ ከጠፉ ግን መጠኑ አንሷል ወይም በዝቷል።

ይህ ተረት ነው ወይስ ልኬት? ሮቤርቶ ዜኒት የተባለው የሜክሲኮ ተወላጅ የፈሳሽ ፊዚክስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዩን በሙከራና በኮምፒዩተር ስሌት መርምሮ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ባለሙያዎቹ ትክክል ነበሩ።

ምክንያቱን በሁለት ከፍለን እንመልከተው። አንደኛው ዝልግልግነት ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት የንጹሕ ውኃና የንጹሕ ኢታኖል ዝልግልግነት ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱ በግማሽ ግማሽ አካባቢ ሲደባለቁ ግን የድብልቁ ዝልግልግነት ከውኃው ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። የአረፋ ዕድሜ የሚወሰነው በላዩ ያለው ስስ የፈሳሽ ሽፋን ወደ ታች ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ድረስ በሚፈጀው ጊዜ ስለሆነ፣ ፈሳሹ ሲዘለግ አረፋው ዕድሜ ያገኛል። ሁለተኛው የገጽ ውጥረት ነው። ከተክሉ የመጡ ጥቂት ውሁዶች እንደ ሳሙና በፈሳሹ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። ሽፋኑ በአንድ ቦታ ሲሳሳ እነዚህ ውሁዶች በዚያ ቦታ ይመናመናሉ፤ በዚያም የገጹ ውጥረት ስለሚጨምር ፈሳሽ ከአካባቢው ተስቦ የሳሳውን ይደግፋል። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሉሎቹ እንዲቆዩ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የአረፋው ስፋትም ድርሻ አለው፤ ለዚህ ድብልቅ የሚስማማው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነው።

ሉሎቹ የማይናገሩት

ይሁን እንጂ ማንኛውም መሣሪያ የተሠራበትን ነገር ብቻ ይለካል። ሉሎቹ የአልኮልን ብዛት እንጂ የአልኮልን ዓይነት አይለዩም። በአጋቬ ውስጥ ፔክቲን የተባለ ውሁድ ስላለ በዝግጅቱ ወቅት ጥቂት ሜታኖል መፈጠሩ አይቀርም። ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ ይህም የዓይንን ነርቭ አጥፍቶ ዕውር ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል።

ብዙ ሰዎች «ሜታኖል የሚፈላው በ65 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መጀመሪያ የሚወጣውን መድፋት ይበቃል» ብለው ያምናሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። የመፍያ ነጥብ የሚነግረን ስለ ንጹሕ ፈሳሽ ነው፤ በድብልቅ ውስጥ ግን ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። በዚህም ምክንያት በተራ ማንጠሪያ ሜታኖል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተበትኖ ይወጣል። ጣዕሙም ሆነ መዓዛው ከኢታኖል ስለማይለይ ምላስ አይደርስበትም። የሜክሲኮ መንግሥት ደረጃ ለሜስካል የአልኮል መጠን ከ35 እስከ 55 በመቶ ብሎ ከመወሰኑም በላይ፣ ሜታኖል በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ከ300 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ይህን ማረጋገጥ የሚችለው ቅልና መቃ ሳይሆን ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። ስለዚህ ኮክቴልን በቤት መደባለቅ አንድ ነገር ነው፤ አልኮልን በቤት ማንጠር ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

በረዶና ሎሚ

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመለስ። የተለመደው መጠን 60 ሚሊ ሊትር ሜስካል፣ 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 20 ሚሊ ሊትር የአጋቬ ሽሮፕ ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚ ሜክሲኮዎች ከሚጠቀሙባት ጋር አንድ ዓይነት ናት። ሦስቱ በበረዶ ተመተው ይጠለላሉ። ሽሮፑ የሎሚውን አሲድ አያጠፋውም፤ አሲዱ እንዳለ ነው። ጣፋጩና ኮምጣጣው የሚታረቁት በምላሳችንና በአእምሯችን ውስጥ ነው። የአጋቬ ሽሮፕ አብዛኛው ፍሩክቶስ ሲሆን፣ ፍሩክቶስ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ለቀዝቃዛ መጠጥ ተስማሚ ነው።

የበረዶው ሥራ በቁጥር ሊታይ የሚገባው ነው። 1 ግራም በረዶን ከ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ ዜሮ ለማድረስ 21 ጁል ይበቃል፤ ያንኑ 1 ግራም ለማቅለጥ ግን 334 ጁል ያስፈልጋል። ይህ ድብቅ ሙቀት የሚባለው ነው። ድብልቃችን 110 ግራም ያህል ቢሆንና ለእያንዳንዱ ዲግሪ በግራም 3.8 ጁል ቢፈልግ፣ ከ20 ወደ 0 ዲግሪ ለማውረድ 8360 ጁል ማስወጣት ይኖርብናል። ይህንንም ለ334 ስናካፍል 25 ግራም የቀለጠ በረዶ እናገኛለን። ሜስካሉ 45 በመቶ ቢሆን፣ የብርጭቆው አልኮል ወደ 20 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ መቅጠን የመቀዝቀዝ ዋጋ እንጂ ጥፋት አይደለም። አልኮል የውኃን የመርጊያ ነጥብ ስለሚያወርድ መምታቱን ብንቀጥል ድብልቁ ከዜሮ በታችም ይወርዳል።

ያለ አልኮል የሚሠራ ሙከራ

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የፊዚክሱ ትምህርት ግን ዕድሜ አይጠይቅም። አንባቢ የሚከተለውን በቤቱ ይሞክር። ክዳን ያለው ንጹሕ ማሰሮ አየር በሚገባበት ቦታ በወይራ ጭስ ይጠን። ከዚያም 60 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 30 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና 30 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ ይጨመርበት። ሙቀቱ ከተለካ በኋላ በረዶ ጨምሮ መምታት፣ መጥለል፣ በመጨረሻም ሙቀቱን እንደገና መለካትና ፈሳሹን መመዘን ነው። ድብልቁ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ዜሮ ከደረሰ፣ ስሌቱ 28 ግራም ያህል በረዶ እንደሚቀልጥ ይተነብያል። ሚዛኑ ከዚህ የበለጠ ቢያሳይ ትርፉ ሙቀት ከየት መጣ? ከማሰሮው፣ ከእጃችን ወይስ ከክፍሉ አየር? ከበረዶው ጋር የተጣበቀ ውኃስ አብሮ ገብቶ ይሆን?

ከዋሃካ ባለሙያዎች የምንማረው ይህንኑ ነው። በዓይን የሚደረግ ልኬት፣ በጥንቃቄ ሲደጋገም፣ ከቤተ ሙከራ ጋር ሊስማማ ይችላል፤ ስለዚህ የባህል ዕውቀትን ሳይመረምሩ መናቅ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ስለ አንድ ነገር እውነቱን የነገረን ምልክት ስለ ሌላውም ይነግረናል ብለን እንዳንታለል። ሉሉ ስለ ብርታቱ ይመሰክራል፤ ስለ ደኅንነቱ ግን ሌላ ምስክር መጥራት ያስፈልጋል።